የቀበሮ ቤት ጅግራዎች

በዚያ ዱር ሥርዓት ነበረ። አልነበረም የሚል ካለ ነገር ፈላጊ ነው፤ እንዲያውም ከሥርዓቱ ብዛት የተነሣ ለማዛጋት ፈቃድ የሚጠይቅ እንስሳ አይታጣም ነበር። ከላይ ንጉሥ አንበሳ፣ ከንጉሡ ሥር ሹማምንቱ፣ ከሹማምንቱ ሥር ሣር ጋጩ ሕዝብ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ጅቦች ይኖራሉ። ንጉሡና ጅቦቹ አይዋደዱም ይባላል፤ ሲጣሉ ግን ያየ የለም።

ድሮ ሣር ጋጩ ራሱን የሚጠብቀው በተራ ነበር። ሌላው ሲግጥ አንዱ አንገቱን ቀና አድርጎ ዳር ዳሩን ያያል። ሲደክመው ጎኑ ያለውን በአፍንጫው ገፋ ያደርገውና እሱ በፈንታው ይግጣል። ጠላት ካየ «መጣ!» ይላል፤ ይሮጣሉ። ይኸው ነው። የዚህ ልማድ ጉዳቱ ተራ የደረሰው ጦሙን መዋሉ ነበር። ጥቅሙ በሕይወት መሰንበት ነው፤ በሕይወት የሰነበተ ግን የሚያስበው ስለ ሆዱ ነው።

ይህን ያየው አቶ ቀበሮ አንድ ቀን ሸንጎ መካከል ቆመ። አቶ ቀበሮ መቼም አፉ ማር ነው።

«ወገኖቼ» አለ፤ «እስከ መቼ ነው አንገታችሁ እስኪደነዝዝ ዙሪያችሁን ስታዩ የምትኖሩት? ዘመኑ እኮ ተለወጠ። ቤታችን ያሠለጠናቸው ጅግራዎች አሉ። ዛፍ ላይ ይቀመጣሉ። ጅብ ሲመጣ ይጮኻሉ፤ ካልጮኹ ጅብ የለም። የእናንተ ሥራ ጎንበስ ብሎ መብላት ብቻ ነው።»

«ለውለታችሁስ?» ብለው ጠየቁት።

«ኧረ ምን ውለታ አለው! ስትግጡ ያገኛችሁትን የአይጥ ጉድጓድ ጠቁሙን፤ ይበቃናል።»

ሕዝቡ «ካልጮኹ ጅብ የለም» የምትለዋን ቃል ወደዳት። አጭር ናት፤ ለሆድም ትስማማለች። ንጉሥ አንበሳ ግን ዝም ብሎ የሚፈቅድ ጌታ አይደለምና በቅድሚያ ይመርመር አለ። መርማሪው አያ ዝንጀሮ ከግምጃ ቤት አንድ የለፋ የጅብ ቆዳ አውጥቶ፣ «ነገ ረፋዱ ላይ ሳይታሰብ እመጣለሁ» ብሎ ለቀበሮ ቤት መልእክት ላከ። እንዳለውም ሳይታሰብ መጣ። ቆዳውን ለብሶ፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ፣ እያሳለ በዛፉ ሥር ሲያልፍ ጅግራዎቹ አገር ምድሩን በጩኸት አደበላለቁት። «እንከን የለባቸውም» ብሎ ለንጉሡ ነገረ። ከዚያ በኋላም በየጊዜው እየላከ፣ እየሄደ፣ እየተጮኸለት ይመለስ ነበር።

በመጀመሪያው በጋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጅግራዎቹ ለጅብም ይጮኹ ነበር። ችግሩ ለነፋስም ለጥላም መጮኻቸው ነው። ሕዝቡ ተማረረ። «ውሃ እንኳ በወጉ አንጠጣ? በማይረባ ነገር ስታስሮጡን!» ብሎ ቀበሮ ቤት ደጃፍ አቤት አለ። ቀበሮ ቤትም ደንበኛውን አክባሪ ነውና «አስተካክለናል» አለ። ከዚያ ወዲያ ዛፎቹ ጸጥ አሉ። ሕዝቡ አመሰገነ፤ እንዴት ተስተካከለ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሰው የሚጠይቀው ሲከፋው ነው፤ እንስሳም ያው ነው።

ቀስ በቀስ አንገት ማቅናት ነውር ሆነ። ቀና ያለውን «አንተ ደግሞ፣ የዘመኑ ነገር አልገባህም?» ይሉት ጀመር። አቶ ቀበሮም ከንጉሡ ዘንድ አንድ አዋጅ አስወጣ፦ ከጅግራዎቹ ቀድሞ «ጅብ!» ብሎ የጮኸ፣ የቤቱን መልካም ስም እንዳጠፋ ይቆጠራል። ንጉሡ ከቀበሮ ቤት ጋር ጥሩ ነበር። ከዚያ ጥሩነት ምን እንደሚበላ እኔ አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም።

አንድ ነገር ብቻ አልተለወጠም፤ የውሃ መሪ ሕግ። መንጋውን ወደ ወንዝ መርቶ የሚያወርድ አንድ እንስሳ ይመረጣል። በእርሱ መሪነት ደም ከፈሰሰ፣ ጥፋተኛ በተባለበት ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጅቦቹ አገር ይሄዳል። አምና በዚህ ሕግ እመት ሚዳቋ ተሻግራለች። እሷ ስትመራ አንድ ሽማግሌ ቆርኬ ተበላ፤ ጅግራዎቹ ግን ምንም አላሉም ነበር። «እነሱ ካልጮኹ እንግዲህ ያጠፋሁት እኔ ነኛ» ብላ ራሷ በራሷ ላይ ፈረደችና እያለቀሰች ውሃው ውስጥ ገባች። አንዳንዱ ከኋላዋ ተፍቶባታል። ይህን ስናገር አሁንም ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ደግሞ የእመት ጎሽ ጥጃ ተበላ። ውሃ መሪው አያ ከርከሮ ነበር።

ሸንጎው የተቀመጠው ከቀበሮ ቤት ጉድጓዶች ፊት ለፊት፣ ትልቁ ሾላ ሥር ነው። ጅግራዎቹ ቅርንጫፉ ላይ ተደርድረዋል። በሸንጎ ቀን ደም አይፈስምና ሁሉም ከነልጆቹ መጥቷል። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር፤ አያ ከርከሮ ግን ቶሎ ቶሎ ቀና እያለ ያያታል። ከማዶ የተመለሰ እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ተጠየቅ!» አለች እመት ጎሽ።

«ልጠየቅ» አለ አያ ከርከሮ።

«ልጄን አስከትዬ የወረድኩት አንተን አምኜ አይደለም ወይ? ውሃ መሪ አይደለህም ወይ? ገና ጡት ያልጣለ ልጅ እኮ ነው! አፉን እንኳ ከውሃው አላነሣም ነበር።»

የከርከሮን ፊት ፈጣሪ ለሐዘን አልሠራውም፤ ሲያዝንም የተቆጣ ይመስላል። ያን ቀን ግን ማዘኑ ለሁሉም ታየ።

«እመት ጎሽ፣ መሻገሬ ልጅሽን የሚመልስልሽ ቢሆን ፀሐይዋንም አልጠብቅ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ደንገሉ ውስጥ ግራጫ ነገር አይቻለሁ። ወደ ዛፉ ቀና ብል ጅግራዎቹ ላባቸውን ይለቃቅማሉ። እንግዲህ የሚዋሸው ዓይኔ ነው አልኩ።»

አቶ ቀበሮ ብድግ አለ። «ሰማችሁልኝ? አየሁ አለ! ካየህ ለምን አልጮህክም?»

«ባለፈው ብጮህ ስማችንን አጠፋህ ብለህ ከሰስኸኛ! የምተኛበትን ጭቃ እንኳ አስከለከልኸኝ።»

«ያ ሌላ ጉዳይ ነው» አለና ወደ ንጉሡ ዞረ። «ጃንሆይ፣ ጅግራዎቻችን በአያ ዝንጀሮ ተመርምረው የተመሰገኑ ናቸው። ጉድለት ካለ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። የከርከሮ ጆሮ ዓመቱን ሙሉ በጭቃ እንደተደፈነ የማያውቅ አለ? እነሱ ጮኸዋል፤ እሱ አልሰማም።»

ሸንጎው ሳቀ። በሰው ጭቃ መሳቅ መቼም ቀላል ነው።

«እኔም አልሰማሁም» አለች እመት ጎሽ።

«ሐዘን ጆሮ ይደፍናል፣ እናቴ» አላት አቶ ቀበሮ፣ ለስለስ ብሎ።

ንጉሥ አንበሳ ነገሩ ረዘመበት። «ክርክሩ ምን ያደርጋል? ጅግራዎቹ እዚሁ አሉ፤ አያ ዝንጀሮ እዚሁ አለ፤ ቆዳውም አለ። ይታይ» አለ።

አያ ዝንጀሮ ከሾላው ጀርባ ሄዶ ቆዳውን ለበሰ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጅግራዎቹ! ምን ልበላችሁ፣ ቅጠሉ ሁሉ እስኪረግፍ ጮኹ። ሸንጎው ባንድ እግሩ ተነሣ። የሜዳ አህያው በጥንቸሎቹ ላይ ዘለለ፤ ጦጣዎቹ ልጅ ተለዋውጠው ዛፍ ላይ ወጡ፤ አቧራው ሰማይ ደረሰ። አያ ከርከሮ ብቻ በሁለት ዘበኞች ተይዞ ነበርና መሮጥ አልቻለም። ዘበኞቹ ራሳቸው ከሮጡ በኋላም፣ ተከሳሽ መሆኑን አስታውሶ ባለበት ቆመ።

ቆዳው ወለቀ፤ ጩኸቱ በረደ፤ ሕዝቡ እየሳቀና እያፈረ ተመለሰ።

«እንከን አለው?» አለ አቶ ቀበሮ፣ እጁን ዘርግቶ።

«የለውም!» አለ ሸንጎው። አንዳንዱ አጨበጨበ። ንጉሡም ፍርዱን ሊናገር ጋማውን ነቅነቅ አደረገ።

«በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ አያ ከርከሮ። እንዲህ ከተባለ ንጉሥም ቢሆን ይቆማል። «ጃንሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እርስዎ ንጉሥ ነዎት፣ አልሮጡም። እኔ ተከሳሽ ነኝ፣ አልሮጥኩም። ሌላው ሁሉ ሮጧል። ታዲያ ያ ከኋላ ተደላድሎ የተቀመጠው፣ እግሩን እንኳ ያላነሣው፣ እሱ ማነው?»

ሁሉም ዞረ። ከኋላ፣ የሜዳ አህያው ከነበረበት ቦታ አጠገብ፣ አያ ጅቦ ተቀምጧል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኸኛው በሚያውቁት አገር፣ ተነጥፎለት፣ ደገፍ ብሎ ነበር።

«እንዴት ዋላችሁ» አለ አያ ጅቦ፣ በትሕትና ብድግ ብሎ። «እባካችሁ አትነሡ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?» አለ ንጉሡ።

«ከጠዋት ጃንሆይ። ጉዳዩ እኔንም ይነካል ብዬ ነው።»

«ጅግራዎቹ ሲጮኹ ለምን አልሮጥህም?»

«ኧረ ጃንሆይ! ያ ቆዳ እኮ የነፍስ ኄር አጎቴ ነው። ከአጎቴ ልሽሽ?»

ንጉሡ ወደ ሜዳ አህያው ዞረ። «አንተ! ከጅብ ጎን ተቀምጠህ ስትውል አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ ጃንሆይ» አለ የሜዳ አህያው፣ ጆሮውን ጥሎ። «ጅብ ይመስላል ብያለሁም። ግን ጅግራዎቹ አልጮኹም። እንግዲህ ውሻ ይሆናል ብዬ፣ ጠጋ በል ሲለኝ ጠጋ አልኩለት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ሰምተናል። የእኛዎቹ ጅቡ ተቀምጦም፣ ተነሥቶም፣ ሰላምታ ሰጥቶም አልጮኹም። ላባቸውን ይለቃቅማሉ።

ንጉሡ ከጅግራዎቹ ትልቋን ጠርቶ ከቅርንጫፉ አስወረዳት። «እመት ጅግራ፣ ይኸ ምንድነው?» አላት፣ አያ ጅቦን እያሳያት።

«ጅብ ነው ጃንሆይ» አለች፣ ቶሎ ብላ።

«ታዲያ ለምን አትጮኹም?»

«እሱን አልተባልንማ! አያ ዝንጀሮ ሲለብሰው ጩኹ ተብለናል፤ ምስጥ ይሰጠናል። ሳይለበስ ስንጮኽ ሕዝቡ ይማረራል ተብለን ምስጡ ይቀራል። ልጆች አሉን ጃንሆይ። ሁለተኛ ሳይለበስ አልጮኽንም።»

የተማረረው ሸንጎው ራሱ ነበርና ወዴት እንደሚያይ ጠፋው።

«በበኩሌ» አለ አያ ጅቦ፣ «በወፎቹ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።»

አቶ ቀበሮ ላብ ላብ አለው፤ ግን አፉ አልደረቀም። «ትንሽ ጉድለት አለች፤ አልክድም። ለመጪው ክረምት የተሻሻሉ ጅግራዎች እያሠለጠንን ነው።»

«ይህን ያስተማራቸው ማነው?» አለ ንጉሡ።

«ቤቱ ነው ጃንሆይ።»

«ቤቱ ማነው?»

«ቤቱማ… ቤቱ ነው።»

አያ ዝንጀሮ ወደ ጉድጓዶቹ ተልኮ፣ በመጀመሪያው ቀዳዳ አንገቱን አስገብቶ ጮኸ። «እኛ ምስጥ ማቅረብ ብቻ ነው፤ ማስተማሩ በሚቀጥለው ቀዳዳ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። በሚቀጥለው ቀዳዳ፣ «እኛ የታዘዝነውን ነው ያስተማርነው፤ ትእዛዝ የሚወጣው ከላይኛው ነው» ተባለ። ላይኛው ጋ ሲደርስ፣ «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» የሚል መልስ ተሰጠው። ድምፁ ግን በሦስቱም ቀዳዳ ያው አንዱ ነበር፤ እንዲያውም በመጨረሻው ላይ ከሩጫው የተነሣ ያለከልክ ነበር።

ንጉሥ አንበሳ ፈረደ። «የቀበሮ ቤት ተገሥጿል። አያ ዝንጀሮ በአዲሶቹ ጅግራዎች ላይ ዋና መርማሪ ሆኗል። ለአያ ከርከሮ ምሕረት አድርገንለታል። ሸንጎው ተበትኗል።»

ሕዝቡ እፎይ ብሎ ሊነሣ ነበር። አያ ከርከሮ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«ጃንሆይ፣ ምሕረት ለበደለ ነው። እኔ ምን በድዬ ነው የምማረው? የተማርኩ እንደሆነ በድያለሁ ማለት ነው፤ እመት ጎሽም እስክትሞት የልጄ ገዳይ ብላ ታየኛለች። አልቀበልም። ይፈረድልኝ፣ ወይም ልሻገር።» ቀጥሎም ወደ ማዶ ዞረ። «እመት ሚዳቋስ? እሷን ማን ይማራት?»

ይህን ስም ለዓመት ያነሣው አልነበረም። ንጉሡ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አዋጅ ነጋሪውን ቁራ ጠራና በጆሮው ነገረው። ቁራው ወንዙ ዳር ሄዶ፣ ካለው ዛፍ ሁሉ ከፍ ያለው ላይ ቆሞ ጮኸ።

«እመት ሚዳቋ! ጥፋት የለብሽም ተብሏል! ተመለሽ!»

ሸንጎው በሙሉ ጆሮውን ወደ ማዶ አቀና። ቁራው ደጋግሞ ጮኸ፤ ማዶው መልስ አልሰጠም።

«እሷን እንኳ…» ብሎ ጀመረ አያ ጅቦ። ከዚያ ዙሪያውን አየና አፉን ዘጋ። ጅብ ሲያፍር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አምና የተፉባት ግን ምን እንደተሰማቸው አላውቅም፤ አንዳቸውም አልተናገሩም።

እመት ጎሽ ተነሣች። ወደ አያ ከርከሮ ሄደችና ትከሻውን በአፍንጫዋ ነካችው። «አንተ አይደለህም። አሁን አውቄያለሁ» አለችው። ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞረች። «ጃንሆይ፣ ይህ ሰው ነፃ ይባል፤ ይኸ አንድ። ሁለተኛ፣ እስከ ክረምት ድረስ ውሃ ሳንጠጣ አንከርምም። አቶ ቀበሮ ጉድለቷ ትንሽ ናት ብሏል። ደግ። ለጅግራዎቹ ዋስ ይጥራልን።»

ዋስ መጥራት የንጉሡ አያት ሕግ ነው፤ ሊከለክል አልቻለም። «ዋስ ጥራ» አለው።

«ዋሱ ቤቱ ነው» አለ አቶ ቀበሮ።

«ቤት አንገት የለውም» አለች እመት ጎሽ። «ዋስ አንገት ያለው ነው። ከነገ ጀምሮ መንጋውን እየመራ፣ ከሁላችን ፊት ወርዶ፣ ቀድሞን የሚጠጣ።»

አቶ ቀበሮ ወደ ጉድጓዶቹ ዞሮ ተጣራ። አንድም ድምፅ አልመጣም፤ በመጣራት ላይ ያለው ጉዳይ እንኳ ዝም አለ። የወንድሙን ልጅ ልላክ ብሎ ለመነ። ትንሽ አሞኛል አለ። ቀጥሎም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጉድለቷ ያን ያህል ትንሽ እንዳልነበረች መናገር ጀመረ፤ ምስጡ በማን ትእዛዝ እንደቀረ፣ የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ፣ ሚዳቋ የተሻገረች ዕለት ራሱ ሁሉን ያውቅ እንደነበረ፣ አንድ በአንድ ዘከዘከው። ስለ አንገቱ ሲነገረው ትዝታው እንዴት ጥሩ ነበር! ንጉሡም ከርከሮን ነፃ አለው፤ አቶ ቀበሮን ዋስ አደረገው። አያ ጅቦ በሸንጎው ሕግ መሠረት በሰላም ተሸኘ። ሲሄድ ነገ ስንት ሰዓት እንደሚወርዱ በጨዋነት ጠይቆ ነበር፤ የነገረው ግን የለም።

በነጋታው ማለዳ መንጋው ወረደ። አቶ ቀበሮ ከፊት ነው። ከኋላው እመት ጎሽ ቀንዷን ዝቅ አድርጋ ትከተላለች፤ ወደኋላ የሚሸሽበት መንገድ አልነበረም። አያ ከርከሮ ከጎኗ ነው። ጅግራዎቹ ከውሃው በላይ ባለው ዛፍ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ይለቃቅማሉ። ዳር ደርሰው ሁሉም ቆሙ፤ ቀዳሚው እስኪጠጣ ይጠብቁት ጀመር።

የማዶው ደንገል ተንቀሳቀሰ።

«አያ ከርከሮ» አለ አቶ ቀበሮ፣ በቀጭን ድምፅ። በዕድሜው «አያ» ሲለው የመጀመሪያው ነው። «ወንድሜ፣ ያ የሚንቀሳቀሰው ምንድነው?»

አያ ከርከሮ አንገቱን ቀና አድርጎ ደንገሉን አየ። ደህና አድርጎ ነው ያየው።

«ጅግራዎቹ ጮኹ?»

«አልጮኹም።»

«እንግዲያማ ጅብ የለም» አለው። «ጠጣ።»